አዝመራ ሳይገባ የሚከበር በዓል

የዘመን መለወጥ በየአገሩ የሚታወቅበት ምልክት አለው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ፣ እኛ መስከረምና ጥቅምት በምንላቸው ወራት፣ ቀኑ ያጥራል፤ ብርዱም ይበረታል። በዚያን ጊዜ በዛፎች ቅጠል ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ይገለጣል፤ አንዳንዱም ዛፍ አዲስ ቀይ ቀለም ሠርቶ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይረግፋል። ቨርሞንት በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ከተማ ይጓዛል። ጃፓኖችም ቀይ ቅጠል ለማየት ወደ ተራራ የመሄድ የቆየ ልማድ አላቸው። በየገጠሩም ገበሬው እህሉን ከጎተራ፣ ዱባውንና ፖሙን ከቤት ካስገባ በኋላ ገበያ ይቆማል፤ ጨዋታና ግብዣ ይደረጋል። እንግዲህ የነርሱ ደስታ ጎተራ ከሞላ በኋላ የሚመጣ ደስታ ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስማር በመጽሐፋችን ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ነበረ፤ ልጆች በቀይ ቅጠል ክምር ውስጥ ሲጫወቱ ያሳያል። በኋላም አስተማሪ ሆኜ ያን የመሰለ ሥዕል ባሳየሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «የኛ ዛፎች በመስከረም ቅጠላቸውን የማያራግፉት ለምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ከጂኦግራፊ ይገኛል። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለ ሆነች፣ በዓመት ውስጥ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አይበላለጡም። በቨርሞንት ግን ልዩነቱ ከስድስት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የዚያ አገር ዛፍ ለፀሐይ ይታዘዛል፤ የኛ ዛፍ ግን ለዝናብ ነው የሚታዘዘው። እንደ ኮርች ያለው ቅጠሉን የሚጥል ዛፍ እንኳ ይህን የሚያደርገው ምድር በደረቀችበት በበጋ እንጂ በመስከረም አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወራት የቀድሞ መምህራን መፀው ይሉታል። ዛሬ በሬዲዮም በመጽሔትም ይኸው ወራት «ፀደይ» ሲባል እሰማለሁ። ፀደይ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ወጣቶች ይህን ቢያርሙት ደስ ይለኛል፤ የአበባውን ወራት በሌላው ስም የሚጠራ ሰው ወራቱን ራሱን በደንብ አላየውም ብዬ እጠረጥራለሁና።

የኛ ምልክት አበባ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አደይ አበባ በየመስኩና በየአጥሩ ሥር ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ዓመት እስኪዞር ድረስ ይጠፋል። ከዚህ አበባ ጎን ደግሞ በሐዲያና በከምባታ ደጃፍ ሁሉ የቆመ አንድ ተክል አለ፤ እርሱም እንሰት ነው። የእንሰት ቅጠል ለመታየት ብሎ አይቀላም፤ ሥራ አለበትና። ቆጮ በርሱ ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ምግብ በርሱ ላይ ይቀርባል፤ ጉድጓድ ውስጥ ለሚብላላው ቆጮ ምንጣፍና ክዳን ይሆናል፤ ቅቤም በርሱ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህን የመጨረሻውን አስቡልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመስከረም አጋማሽ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደመራን በ16፣ መስቀልን በ17 በምታከብርበት ሰሞን፣ ሐዲያ ያሆዴን ያከብራል፤ ከምባታም መሳላን ያከብራል። ለሐዲያ ያሆዴ የዘመን መለወጫ ነው። ችቦ ይበራል፤ ልጆችና ወጣቶች በየደጁ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ሰንጋ ይታረዳል፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አተካና ይቀርባል። ከምባታም በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና፣ በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ከአዲስ አበባና ከሌላ አገር ለሥራ የወጣ ሰው በዚያ ሰሞን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የአውቶቡስ ወንበር የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን በመስከረም አጋማሽ በገበሬው ጎተራ ውስጥ ምን አለ? ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጤፉም ገና በማሳ ላይ ነው፤ ባቄላው እሸት ቢደርስ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ አልቋል። የአውሮፓና የአሜሪካ ገበሬ ካስገባ በኋላ ይደግሳል ብያለሁ፤ የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ግን ሳያስገባ ይደግሳል። ይህ ለምን ሆነ ብዬ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የደረስሁበትም ይህ ነው፤ ያሆዴና መሳላ የአዝመራ በዓል አይደሉም፤ የቁጠባ በዓል ናቸው። ባዶ ጎተራ ባለበት ወር ዓመቱን ሙሉ ያላስቀመጠ ሰው ሊደግስ አይችልም።

ቁጠባው ሁለት ምንጭ ነበረው። አንዱ እንሰቱ ነው። እንሰት ለመብላት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚፋቀው እንሰት ባለቤቱ ከዓመታት በፊት የተከለው ነው፤ ዛሬ የሚተክለውም ለነገ ሰው ነው። ተፍቆና ተጨምቆ በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ይህንንም የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ሁለተኛው ወተት ነው። ክረምቱ ሣሩን ያበቅላል፤ ላሟም በሐምሌና በነሐሴ ጠግባ ትታለባለች። በመስከረም ቅቤ የሚበዛበት ምክንያት ይህ ነው፤ በዓሉም የቅቤ በዓል የሆነው ስለዚሁ ነው።

አንዲት ላም ያላት ሴት ግን የአንድ ቀን ወተቷ ቢናጥ የሚገኘው ቅቤ እፍኝ አይሞላም። እፍኝ የማይሞላ ቅቤ ደግሞ አይቀመጥም፤ ለጨውና ለበርበሬ ተሸጦ ያልቃል። ስለዚህ የሐዲያና የከምባታ ሴቶች ዊጆ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዊጆ የቅቤ ዕቁብ ነው። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው መስፈሪያ ይቆርጣሉ፤ እያንዳንዷ በቀጠሮው ቀን በዚያው መስፈሪያ ልክ ቅቤ ታመጣለች፤ የተሰበሰበው ለባለተራዋ ይሰጣል። ባለተራዋም የተከመረውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ከጭስና ከሙቀት አርቃ ታስቀምጠዋለች፤ ወይም ትሸጥና ጊደር ትገዛለች። ወንዶችም በበኩላቸው በቅርጫ ተደራጅተው ለሰንጋ መግዣ ገንዘብ ከወራት በፊት ያጠራቅማሉ። ወጣቶች እንጨት ይፈልጣሉ፤ ሕፃናት ለከብቱ ሣር ያጭዳሉ። እንዲህ ሆኖ የአንድ ቀን ግብዣ የአሥራ ሁለት ወር ሥራ ይሆናል።

በእኛ ሰፈር አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ላም አልነበራቸውም። ሆኖም በዊጆው ውስጥ ነበሩ። ለሁለት ባለላም ጎረቤቶቻቸው ይንጡላቸው ነበር፤ ለድካማቸውም የሚሰጣቸውን ቅቤ ሳይቀምሱ በመስፈሪያው ልክ ያስገቡ ነበር። አንድ ጊዜ መስፈሪያቸው ጎደለ። ሰብሳቢዋ ባዶውን ቦታ አይታ ዝም አለች፤ ከራሷ ቋት ጨምራ ሞላችው፤ በሚቀጥለው ተራ ባልቴቷ የጎደለውን አስታውሰው መለሱ። ይህን እናቴ ነገረችኝ እንጂ በስብሰባው ላይ አልነበርሁም፤ የዊጆ ስብሰባ የወንድ ቦታ አይደለምና። እኔ ከብዙ የባንክ መጽሐፍ ይልቅ ስለ ብድር ከዚህ ነገር ተምሬአለሁ።

ከበዓሉ በፊት ደግሞ የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ። የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም ተብሎ ሽማግሌዎች በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ከቤት ቤት ይመላለሳሉ። ድንበር የተጋፋ፣ ከብት ያስበላ፣ ክፉ ቃል የተናገረ ሁሉ ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሰንጋ ቅርጫ ውስጥ የገቡ ሰዎች አንዱን ሥጋ ሊከፋፈሉ ነውና፣ ተኳርፈው ሊካፈሉ አይችሉም።

የዚህ ሕዝብ ስም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የገባው ዛሬ አይደለም። ሐዲያ በ14ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ይነሣል። በ15ኛውም መቶ ዓመት ከሐዲያ ገዢ ቤት የተወለዱት እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ቤተ መንግሥት ገብተው ንግሥት ሆኑ። ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። እሌኒ ከርሳቸው በኋላ ብዙ ነገሥታት እስኪያልፉ ድረስ በመንግሥቱ ምክር ውስጥ ቆዩ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። መስቀሉን አስቆፍረው አገኙ የሚባሉት የቆስጠንጢኖስ እናትም ስማቸው እሌኒ ነው። ይህን የማነሣው በዓሉ በሐዲያይቱ ንግሥት መጣ ለማለት አይደለም። ነገር ግን የመስቀልን ስም የሚያስታውስ ስም የተሸከመች አንዲት የሐዲያ ልጅ ከ500 ዓመት በፊት በኢትዮጵያ መንግሥት መካከል እንደ ተቀመጠች አንድ የሐዲያ ተማሪ ሳያውቅ ቢቀር ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ መንቀሳቀስ ደቡቡን ከማዕከሉ ለየው። ከምባታም በዎማዎቹ፣ ይኸውም በነገሥታቱ፣ ሲተዳደር ኖረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አገሩ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። የቀድሞው ዋቸሞ ሆሳዕና የተባለው ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና ዕለት ስለ ገቡበት ነው ይባላል። የድሮው ስም ግን አልጠፋም፤ ዛሬ በከተማይቱ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ይባላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገበሬው ገባር ሆነ። ከምርቱና ከጉልበቱ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር፤ ይህም እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በልዩ ልዩ መልክ ቆየ። የሽማግሌዎችን ወሬ ስሰማ የሚያስደንቀኝ፣ ከገባርነቱም ጋር ዊጆው አለመቋረጡ ነው። በማሳ ላይ ያለ እህል ይታያል፤ ይለካል፤ ይቈጠራል። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታይም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ወደ ሆሳዕና መጣ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የውጭ ሚሲዮናውያን ሲባረሩ፣ ጥቂት የነበሩት አማኞች እነርሱ በሌሉበት በዙ። ከመጀመሪያዎቹ አማኞች ብዙዎቹ ለመናፍስት ደም ይፈስበታል ብለው ከድሮው ድግስ ራቁ። በልጅነቴ ይህ ክርክር ገና አላበቃም ነበር። አንዱ «በዓሉን እንተው» ይል ነበር፤ ሌላው «መናፍስቱን እንጂ ጎረቤታችንን አንተውም» ይል ነበር። ውሎ አድሮ ሁለተኛው አሳብ በረታ፤ የከበደው ነገር ከድግሱ ወጥቶ፣ ቅርጫውና ዕርቁ ዊጆውም ቀሩ። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ወንጌላዊውና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር እየኖሩ በዚያ ሰሞን እንግዳ ይቀባበላሉ፤ በዕርዱ ነገር ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ይህንንም ጎረቤት ያውቅለታል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐዲይኛና ከምባትኛ በጊዜ ሂደት ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ መስፈሪያ ሲቈጥሩ የኖሩ እናቶች የዊጆአቸውን ስም ዝርዝር ያን ጊዜ ጻፉ፤ ከዚያ በፊት በቃላቸው ነበር የያዙት፤ ስሕተት ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ደርሰው ሠርተው ያለፈላቸው አሉ፤ በሆሳዕናና በዱራሜ ከተማ የምታዩአቸው ብዙ ፎቆች በነርሱ ገንዘብ ቆመዋል፤ ወንድም እኅታቸውን ያስተማሩም ብዙ ናቸው። ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ የሚያልፍ የደላላ መንገድ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው አውራጃ፣ በጭነት መኪና ላይ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በሰሜን ማላዊ የኢትዮጵያውያን ነው የተባለ የጅምላ መቃብር ተገኘ። ይህ የሆነው ጥቅምት ላይ፣ እዚህ አበባው ገና ሳይረግፍ ነበር።

ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ለበዓሉም ይደርሳል። ሰንጋው ተለቋል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ልጅ በውጭ ያለው ቤት ለብቻው ያርዳል። ልጅ የሌለው ደግሞ ከጎረቤቱ ላለማነስ ይበደራል፤ አንዳንዱም መሬቱን በኮንትራት ይሰጣል። እኔ እንደማየው ክፉው ገንዘቡ አይደለም። ክፉው፣ ገንዘቡ በአንድ ቀን ስለሚመጣ ዓመቱን ሥራ ፈት ማድረጉ ነው። ቅርጫው ሲቀር ዕርቁም ይላላል፤ ለብቻው የሚያርድ ሰው ከማንም ጋር እንዲታረቅ የሚያስገድደው የለምና። ዊጆም ማን ላም እንደሌለው ያውቅ ነበር፤ በስልክ የሚመጣ ገንዘብ ይህን አያውቅም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያሆዴም መሳላም በአደባባይ፣ በመድረክና በድምፅ ማጉያ ይከበራሉ። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ስለ ሆነች እንግዳውም በዝቷል። የመስቀል በዓል በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የጎረቤታችን የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላም በ2015 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል፤ የኛዎቹም እንዲመዘገቡ የሚደክሙ አሉ። መልካም ነው። ሆኖም መዝጋቢው መጥቶ «በዓሉን አሳዩኝ» ቢለኝ በመስከረም አልወስደውም፤ በጥር ወይም በየካቲት፣ መስክ ደርቆ ላሟ ወተት በቀነሰችበት ጊዜ፣ ሴቶች መስፈሪያቸውን ይዘው ወደተሰበሰቡበት ቤት እወስደዋለሁ። በዓሉ የሚሠራው በዚያ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊሰናበተኝ መጣ። ከመስቀል በኋላ ለመሄድ ከደላላ ጋር ተስማምቷል። አልተቈጣሁትም፤ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁና ለደላላው የሚከፍለውን ገንዘብ ጻፍን፤ በጊደር ዋጋ አካፈልነው። ብዙ ጊደር ሆነ። ልጁ ቁጥሩን ጥቂት ጊዜ ሲመለከት ቆየና «ጋሼ፣ የት አስሬ ላኑራቸው?» አለኝ። የአባቱ መሬት ለአራት ወንድማማች ተከፍሎ ለርሱ የደረሰው ከቤቱ ኋላ ያለው የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው።

እውነቱን ነው። ስለዚህ ሌላ ወረቀት አወጣንና መሬት የማይፈልገውን ሥራ መጻፍ ጀመርን፤ በረት ውስጥ ሣር ታጭዶላት የምትቀለብ አንዲት የወተት ላም፣ ከእናቱ ዊጆ ቅቤ ተረክቦ አዲስ አበባ ማድረስ፣ የአናጢነት ሙያ። ሦስተኛውን ስንጽፍ መሸ፤ እናቱም ልጃቸው የዘገየ ቢመስላቸው ሊፈልጉት መጡ።